በአፍ የታሰረ

ዕፀገነት ሐዋሳ ተወልዳ ሐዋሳ ያደገች ልጅ ናት። እንዲያም ሆኖ ሃያ ስድስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ ወደሆነው አሞራ ገደል ለቁም ነገር ወርዳ አታውቅም ነበር። ሰው ወደዚያ የሚወርደው ጥብስ ሊበላ፣ ሾርባ ሊጠጣ ወይም ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ሊያስጎበኝ ነው። እሷ የወረደችው ጉበት ፍለጋ ነው።

ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው በሕዋስ ኒውክሊየስ ውስጥ የሚሠሩ ኢንዛይሞችን ነበር። ፎስፋቴዝ ይባላሉ፤ ሥራቸው ከፕሮቲን ላይ ፎስፌት ማንሣት ነው። ኢንዛይሙን ከዓሣ ጉበት አውጥታ ከአንድ ፈሳሽ ጋር ስትቀላቅለው፣ ኢንዛይሙ ሥራውን ከሠራ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን ፈሳሹ እንደ ውሃ ጠርቶ ቀረባት።

አማካሪዋ ዶክተር ፅጌ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩት። «ከሱቅ በገዛሽው ዓሣ ነው የምትሠሪው? ኢንዛይሙ መንገድ ላይ አልቋል። በሕይወት ያለ ዓሣ አምጪ» አሏት።

በሚያዝያ ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ባልዲ ይዛ ሐይቁ ዳር ቆመች። ጀልባዎቹ ገብተው ዓሣው ይገለበጣል፣ ይላጣል፣ ይሰነጠቃል። ቁመታቸው ልጅ የሚያክል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት አሞራዎች አንገታቸውን ቀብረው የሚጣለውን አንጀት ይጠብቃሉ።

«ጉበት ነው የምፈልገው» አለች።

የሰሙት ሁሉ ሳቁ። አንዱ ብቻ፣ ጀልባው ላይ ቆሞ መረቡን የሚያራግፍ ረጅም ወጣት፣ «ከአባ ኮዳ ጋር ልትሻሚ ነዋ» ብሎ ፈገግ አለና፣ «ስንት ዓሣ ይበቃሻል?» አላት።

«ስድስት ቆረሶ። በሕይወት ያለ።»

«እስከ ስንት ሰዓት ይኑርልሽ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ዩኒቨርሲቲ እስክደርስ» አለች።

ሙሴ ይባላል። አፉ የተቆረጠ ጄሪካን በሐይቁ ውሃ ሞላ፤ ስድስቱን ቆረሶ ከተተበት፤ እሷ «ይበቃል፣ እኔ እወስደዋለሁ» ብትልም አብሯት ባጃጅ ውስጥ ገባ። መንገዱን ሙሉ ውሃውን በእፍኙ እየቀዳ ከላይ ያፈስሰው ነበር።

«ምን ማድረግህ ነው?»

«አየር ካልገባበት ይታፈናሉ» አላት፣ ከውሃው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ።

ላብራቶሪው በር ላይ ሲደርሱ ስድስቱም በሕይወት ነበሩ። የሙሴ ሱሪ እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ፈሳሹ ቢጫ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ በየማክሰኞው መጣ። ከሐዋሳ አጠገብ ያለችው የቱላ ልጅ ነው፤ አባቱ ሲሞት ትምህርቱን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ አቁሞ ወደ ሐይቁ ወረደ። ከሲዳምኛው ወደ አማርኛው ሲሻገር ጥቂት ያመነታል፤ ያቺን ማመንታቱን ዕፀገነት እየወደደቻት መጣች። አንድ ቀን በማይክሮስኮፕ አሳየችው።

«ይቺ ሰማያዊ ነጥብ ምንድን ናት?»

«ኒውክሊየስ ናት። የሕዋሱ ትእዛዝ የሚወጣው ከእሷ ነው። እኔ የማጠናው ፕሮቲን ወደ እሷ የሚገባው ፎስፌት ሲለጠፍበት ነው። ገብቶ ሥራውን ሲጨርስ ግን፣ ያው ያስገባው ፎስፌት አላስወጣ ይለዋል።»

«ራሱ አያወልቀውም?»

«ራሱ አይችልም። ፎስፋቴዙ መጥቶ ያነሣለታል፤ ያኔ ይወጣል።»

«ባይመጣስ?»

«እዚያው ሆኖ ያንኑ አንድ ትእዛዝ ይደጋግማል። ሕዋሱ እስኪታመም ድረስ።»

ሙሴ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አነሣ። «ይህ ሁሉ ጣጣ ጉበት ውስጥ ኖሯል? እኔ እኮ ለአሞራ ስወረውረው ነው የኖርኩት!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዓይን ለዓይን እንደተያዩ ቀሩ። የማቀዝቀዣው ሞተር ይንሾካሾካል። ቀድማ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ናት።

«ዓሣ የሚያስፈልግሽ ማክሰኞ ብቻ ነው?» አላት።

«ማክሰኞ ብቻ።»

«ሐሙስም ልምጣ? ዓሣ ሳልይዝ።»

ሐሙስ ዕለት ነጠላዋን ሁለት ጊዜ ቀይራ፣ በመጨረሻ ሦስተኛውን ለብሳ ጠበቀችው።

*

ኅዳር ላይ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር መናፈሻ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ አንዲት ጎረቤት አየቻቸው። ወሬው ከዕፀገነት ቀድሞ ቤት ገባ።

እናቷ ወይዘሮ ተዋበች ከወሎ መጥተው ሐዋሳ ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ተማሪ ቀርቶ ወላጅ እንኳ ሰዋስው ቢያበላሽ አርመው ነው የሚያልፉት። ልጃቸውን ሶፋው ላይ አስቀመጧት።

«ልጁ የማነው?»

«ሙሴ ይባላል እማዬ። የቱላ ልጅ ነው። ዓሣ አጥማጅ ነው።»

«ዓሣ አጥማጅነቱ ነውር የለበትም፤ ሐዋርያትም ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። የት ነው የሚጸልየው?»

ሙሴ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምር ነው። ዝምታዋ መልስ ሆነ።

«ወንድሜ በሃይማኖት ተለየን» አሉ እናቷ። «የአባታችን ተዝካር ላይ አልቆመም። እሱ ሲሞትም የእምነቱ ሰዎች እኛን አልጠሩንም፤ በወሩ ሰማን። አንድ ሰው እንዲህ አጥቻለሁ ዕፄ። ሁለተኛ አላጣም።»

«እማዬ፣ አታጪኝም…»

«ይህን ሰው ብታገቢ ያጠባሁሽ ጡቴ ይፋረድሽ! በገብርኤል ገዝቼሻለሁ!»

የእናት ግዝት ቀልድ አይደለም። ቀኑን በማይክሮስኮፕ ላይ የምትውል ልጅ እንኳ ብትሆን አጥንቷ ውስጥ ይገባል። ቢሆንም ዕፀገነት ተስፋ አልቆረጠችም ነበር፤ እናቷን ታውቃቸዋለች። ተቆጥተው ሳምንት ሞልተው አያውቁም። ቁጣው ሲበርድ ራሳቸው ያነሡታል ብላ ቀን ስትቆጥር፣ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ወይዘሮ ተዋበች ፊታቸውን ሊታጠቡ እንደቆሙ ወደቁ። ስትሮክ ነው።

ከሆስፒታል በሦስተኛው ሳምንት ሲወጡ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አይንቀሳቀስም። ከዚያ ሁሉ የቃል ሀብታቸው ደግሞ የቀረቻቸው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «እሺ»።

ውሃ ልስጥሽ? እሺ። አልጠማሽም? እሺ። አመመሽ? እሺ። ሐኪሙ «ሌላ ሊሉ ይፈልጋሉ፤ አፋቸው ላይ የምትመጣው ግን እሷ ብቻ ናት። አታበሳጯቸው» አለ።

ታላቅ ወንድሟ ሞገስ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከሚስቱ ጋር በሌላ ሰፈር ይኖራል። ከሐኪሙ ክፍል ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ አቆማት። «ንዴት ነው የጣላት። ማን እንዳናደዳት አንቺ ታውቂዋለሽ» አላት። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም።

ዕፀገነት ትምህርቷን አቋርጣ ከፒያሳ ጀርባ ባለው ቤታቸው እናቷን ማስታመም ጀመረች። እናቷ ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለባቸው። ቀኗ በሁለት ሁለት ሰዓት ተቆራረጠ። ገበያ ደርሳ ለመመለስ ሁለት ሰዓት፤ ለመተኛት ሁለት ሰዓት። የመኝታ ቤቱ መስኮት የሚያሳየው የጎረቤትን የብሎኬት ግንብ ነው። ነፋስ በሚነፍስበት ቀን የሐይቁ ሽታ ይመጣል፤ ሐይቁ ግን አይታይም።

ለሙሴ በስልክ «እንዳትመጣ» አለችው። «ለምን» ሳይል «እሺ» አላት፤ ያቺ ቃል ከእሱ አፍ ስትወጣ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ሳሉ፣ አላስችል ብሏት አልጋው አጠገብ ተንበረከከች።

«እማዬ፣ ግዝቱን አንሺልኝ።»

እናቷ ዓይናቸውን አተኩረው አዩዋት። «እሺ» አሉ።

እንባዋ መጣ። ግን ቃላቸውን ማረጋገጥ ፈለገች፤ ደግማ ጠየቀች። «እውነት እማዬ? ወይስ አታነሺልኝም?»

«እሺ» አሉ ተዋበች። በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ዓይን። ከዚያ ራሳቸውም የሆነውን ያወቁት ይመስል፣ ግማሽ ፊታቸው ተጨማዶ ማልቀስ ጀመሩ። ልጅቱ የእናቷን እንባ በመዳፏ እየጠረገች፣ ግዝቱን የጣለው አፍ ተዘግቶ ሁለቱም በአንድ ክፍል ውስጥ እንደተቆለፉ ገባት። ቁልፉ ያለው እናቷ ውስጥ ነው፤ እናቷ ደግሞ መውጫ የላቸውም።

*

ጥር ላይ ወይዘሮ ተዋበች ከአልጋ ተንሸራትተው ወለሉ ላይ ወደቁ። ዕፀገነት ልታነሣቸው ሞከረች፤ አልቻለችም። ሞገስ ለሥራ ወጥቷል፤ ጎረቤት ቢጠራ የሚሰማ ጠፋ። እጇ ራሱ ስልኩን አንሥቶ የደወለው ለሙሴ ነው።

በሩብ ሰዓት ደረሰ። ሱሪው እንደ ድሮው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። ማንነቱን ሳይናገር ተንበረከከና በሲዳምኛ ቃና «እማማ፣ አንገቴን ይያዙኝ። አይፍሩ፣ አልጥልዎትም» አለ። እንደ ሕፃን አንሥቶ አልጋው ላይ አሳረፋቸው።

«እሺ» አሉት፣ እየተነፈሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ዓሣውን ካራገፈ በኋላ ይመጣል። እናቷን አቅፎ ግቢው ውስጥ ፓፓያዋ ሥር ካለችው ወንበር ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ፀሐይ እስኪበረታ ድረስ አጠገባቸው ተቀምጦ የሐይቁን ወሬ ያወራላቸዋል። ጉማሬ የማን መረብ እንደቀደደ፣ ማን አምባዛ ይዞ ጀልባው እንደተገለበጠበት። ወይዘሮ ተዋበች በግማሽ አፋቸው ይስቃሉ። የበሩ ድምፅ ሲሰማ አንገታቸውን ያዞራሉ።

በሁለቱ ወጣቶች መካከል ግን ሁልጊዜ እናትየው አሉ። ፍቅራቸው ሳፋ መቀባበል ሆነ። ሳፋውን ሲሰጣት ጣቱ ጣቷን ይነካል፤ ሁለቱም ሳይተያዩ ያልፋሉ። ቀኑን ሙሉ የምትኖረው በዚያች ንክኪ ነበር።

አንድ ጠዋት በር ላይ ቆም አለ። «ስሜን ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳትም።»

«እናትሽ ሲስቁልኝ ደስ ይለኛል። ግን የሚስቁት ለሌላ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ወደዚህ ቤት ስገባ ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል።»

«ሙሴ፣ ቢብስባትስ?»

«እሱን እኔም እፈራለሁ» አለ። «ግን በስሜ ካልገባሁ፣ አልገባሁም።»

በማግሥቱ ፓፓያዋ ሥር፣ ሙሴ ባለበት፣ ዕፀገነት ከእናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። «እማዬ፣ ይህ ሰው ሙሴ ነው። ያ ሙሴ።»

ወይዘሮ ተዋበች ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ እሱን አዩ። «እሺ» አላሉም። ፊታቸውን ቀስ ብለው ወደ ግንቡ አዞሩ።

ሙሴ ሊነሣ ሲል የግቢው በር ተከፈተ። ሞገስ ነው። ስሙን ከውጭ ሰምቶታል። አልጮኸም፤ ሞገስ ሰው ፊት የሚጮኽ ሰው አይደለም። «ወንድሜ፣ እናቴን ስላነሣህልኝ እግዚአብሔር ይስጥህ» አለው። «ከዛሬ ወዲያ ግን በዚህ በር አትግባ።»

ሙሴ ለሞገስ አልመለሰለትም። ዕፀገነትን አያት። ጠበቃት።

ዕፀገነት አፏን ከፈተች። በእናቷ የዞረ ፊትና በወንድሟ ፊት መካከል ቃል ጠፋት። መሬት መሬት አየች።

ሙሴ ጄሪካኑን አንሥቶ ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

*

መጋቢት ሄደ፤ ሚያዝያ ሄደ። ዶክተር ፅጌ ደወሉ፤ «የቀረሽ አንድ ሙከራ ነው ልጄ፤ ከክረምቱ በኋላ ግን ላራዝምልሽ አልችልም» አሏት። «እሺ ዶክተር» ብላ ዘጋች። እሷም ከእናቷ ጋር አንዲት ቃል የተካፈለች መሰላት።

ሙሴ አልደወለም። እሷም አልደወለችም፤ ምን ብላ? ግንቡን እያየች፣ ሰዓት እያየች፣ እናቷን እየገላበጠች ከረመች። አንድ ነገር ግን አስተውላለች። በየጠዋቱ፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ እናቷ አንገታቸውን ወደ ግቢው በር ያዞሩና ይጠብቃሉ። ማንም አይመጣም።

በሰኔ ወር መጨረሻ የነፍስ አባታቸው መምሬ ተፈራ ሊጠይቁ መጡ። ጥቂት አጫውተው ሲጨርሱ ተነሥተው «አቡነ ዘበሰማያት» ማለት ጀመሩ። ከአልጋው ላይ ሌላ ድምፅ ተቀላቀለ።

«…ይትቀደስ ስምከ፤ ትምጻእ መንግሥትከ…»

የወይዘሮ ተዋበች ድምፅ ነው። ሳይደናቀፍ፣ ሳይጎድል፣ እስከ አሜን ሄደ። ዕፀገነት እጇ ላይ የነበረው ብርጭቆ ወደቀ።

ሞገስ ሐኪሙን ጠይቆ መጣ። «ከልጅነት በቃል የተያዘ ነገር ሳይጠፋ ይቀራል ይላል። ትርጉሙን አስባ አይደለም፤ እንዲሁ ይፈስላታል» አላት። ይሁን ብላ በየጠዋቱ ከእናቷ ጋር መጸለይ ጀመረች። ከሰባት ወር በኋላ የእናቷን ድምፅ መስማቱ ራሱ በቂ ነበር።

ሐምሌ ሃያ ጠዋት እናቷ ጸሎቱን መሐል ላይ አቆሙ።

«…ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ፤ ከመ ንሕነኒ ንኅድግ…» ብለው ዝም አሉ። በደህናው እጃቸው የልጃቸውን እጅ ያዙ። «ንኅድግ» አሉ እንደገና።

በደላችንን ይቅር በለን፤ እኛም ይቅር እንደምንል፣ እንደምንተው። ዕፀገነት ቃሉ ጠፍቷቸው ነው ብላ ቀጣዩን አስታወሰቻቸው። እናቷ እጇን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «ንኅድግ።»

በማግሥቱም እዚያው ላይ ቆሙ። በሦስተኛውም ቀን።

አንድ ውጤት ሦስት ጊዜ ካልተደገመ አይታመንም፤ ይህን ላብራቶሪው አስተምሯታል። ሦስት ጊዜ ሆነ። ከዚያ ሌላም ነገር አስተምሯታል፦ የምትፈልጊውን ብቻ አትጠይቂ። ለሞገስ ደወለች፤ መምሬ ተፈራንም ጠራች። ሦስቱም አልጋውን ከበው ሳሉ ጠየቀች።

«ማንን ነው እማዬ? ወንድምሽን?»

እናቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አንዲት እንባ ወረደች። ግን ዝም አሉ።

«ሐኪሙን?»

ዝም።

«ጋሼ ሞገስን?»

ዝም። ለሁሉም ነገር «እሺ» ይል የነበረው አፍ፣ አሁን እሺ ላለማለት ጥርሱን ነክሶ ነበር።

«ሙሴን?»

«ንኅድግ» አሉ ተዋበች።

መምሬ ተፈራ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «በአፍ የታሰረ በአፍ ተፈታ» አሉ። «እናት ከተወች እኔ ምን ቀረኝ? እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ።» ከዚያ ቆም ብለው፣ «በቤተ ክርስቲያናችን ተክሊል አላደርስልሽም፤ ይህን እወቂው። ግዝት ግን የለብሽም» አሏት።

ሞገስ ጎንበስ አለ። «እማዬ፣ እኔ ሞገስ ነኝ። ያንን ልጅ ነው? ያንን ዓሣ አጥማጁን?»

እናቱ በደህናው እጃቸው ጉንጩን ዳበሱት። «ንኅድግ» አሉት፣ ተማሪ እንደሚያርሙ ሁሉ ቀስ አድርገው።

ሞገስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ኮቱን አወለቀ።

«ቀጥሎ የምትገላበጠው ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ሰዓት» አለች ዕፀገነት።

«እኔ እገለብጣታለሁ። ስድስት ሰዓትም እኔ ነኝ። ሂጂ።»

*

አሞራ ገደል ስትደርስ ሙሴ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግን ነበር። አያት፤ መጠገኑን አላቆመም። ከስቷል።

የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ስትጨርስ ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«እናትሽ ፈቱሽ። ደስ ብሎኛል።»

«እሱን ብቻ ነው የምትለኝ?»

«እሳቸው ዝም ያሉት ቃል አጥተው ነው ዕፀገነት። አንቺ ግን ቃል ነበረሽ። ያን ቀን በር ላይ አንዲት ቃል ነው የጠበቅኩት። ‹ቆይ› ብትዪኝ ይበቃኝ ነበር።»

ሰበብ መደርደር ትችል ነበር። ተወችው። «አውቃለሁ። ፈራሁ። ግዝቱን ብቻ አይደለም፤ እናቴ ብትሞት ገደለቻት እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። አንተን እንደሚያምህ እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት። ይቅር በለኝ።»

ሐይቁን አየ። «እናቴ ሰው አይታልኛለች። ከቤተ ክርስቲያናችን ናት፤ ሶልያና ትባላለች። ጥሩ ልጅ ናት።»

የጀልባውን ጠርዝ ያዘች። «እሺ አልክ?»

«ሐምሌ ሲያልቅ እመልሳለሁ ብያለሁ።»

«ዛሬ ሐምሌ ሃያ ሁለት ነው።»

«ሃያ ሁለት ነው።»

«እንግዲያው አልመሸብኝም» አለች።

ሳይፈልግ ከንፈሩ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን ሰበሰበው። «እኔ ቤተ ክርስቲያኔን አልለቅም።»

«ልቀቅ አላልኩህም። እኔም አልለቅም። ማዘጋጃ ቤት እንፈራረማለን። እሁድ አንተ ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ፤ ምሳ አብረን እንበላለን።»

«ልጆችስ?»

«አላውቅም» አለች።

«እኔም አላውቅም» አለ ሙሴ። አለማወቋን አለመደበቋ ካለችው ሌላ ነገር ሁሉ ይበልጥ ልቡን ያራራው መሰለ። መረቡን አስቀመጠ። እጁን ዘረጋላት። «ግቢ።»

ሐዋሳ ያደገችው ልጅ በዕድሜዋ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። ሙሴ እየቀዘፈ ከዳር አራቃት። ስምንት ወር ሙሉ ክንድ በማይሞላ ርቀት ግንብ ስታይ የከረመ ዓይኗ ውሃው ላይ ሄደ፣ ሄደ፤ የሚያቆመው አጣ። ደረቷ ሲከፈት ተሰማት፤ መጀመሪያ አመማት። ከዚያ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሙሴ መቅዘፉን አቁሞ እጇን ያዘ። «አልቅሺ» አለ እንጂ «ይበቃል» አላለም።

ስትረጋጋ ወደ ዳር አየች። አጥማጆቹ ቆመው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወደ እነሱ ያያሉ። ልማድ ሆኖባት እጇን ልትስብ ቃጣት።

«ሰው ያየናል።»

«ከዚያ ከቄጤማው ጀርባ ልውሰድሽ?» አለ ሙሴ። «እዚያ ማንም አያይም።»

ቄጤማውን አየች። ከዚያ ገበያውን አየች፤ ሰው የሚርመሰመስበትን፣ ዓሣ የሚሸጥበትን፣ ወሬ ከዓሣ ቀድሞ የሚሸጥበትን።

«ወደ ገበያው መልሰኝ» አለችው።

ጀልባውን አዙሮ ቀዘፈ። ዳር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ከአጥማጆቹ አንዱ እየሳቀ ጮኸ።

«ሙሴ! ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

ሙሴ አልመለሰም። መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እሷን አያት። ጠበቃት።

ዕፀገነት በሚወዛወዘው ጀልባ ላይ ተነሥታ ቆመች።

«እጮኛው ነኝ!» አለች፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ።